ቢጫው ከየት መጣ? ከባሕር ዳር የተነሳ የጨለማ ክፍል ጥያቄና የተከተለው ክርክር

ጠያቂዋ ወጣት ናት። ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ውስጥ የቤተሰቦቿን ሰርቪስ ቤት አጨልማ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ራሷ ታጥባለች። የጣናን ታንኳ ሠሪዎች አንስታ፣ ውጭ አገር ያለ አጎቷ በላከላት ፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልተለበጠው የፎቶ ወረቀት) ላይ አተመቻቸው። ፎቶዎቹ ሲደርቁ የሚያምሩ ነበሩ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ነጩ ጠርዝ ላይና ሰማዩ ላይ ቢጫ ወጣ። ውሎ አድሮ ወደ ቡኒ አዘነበለ። ሁለት ፎቶዎች ላይ ደግሞ ዝገት የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ነው ብላ ደምድማለች፤ የጠየቀችው ማረጋገጫ ነው። የቀረውን ፓኬት ልትጥለው ነው። የተበላሹትን ፎቶዎች በስልክ አንስታ አያይዛለች።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄዋንና ከሥሩ የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ። ይህን ሙያ በእጃቸው የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈውም ጥቂት ነው። እዚያ የተባለው ነገር ተቀብሮ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ምላሾቹን በተራቸው እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1

በሁለት መስመር ያለቀ ነው። ጎንደር ያለ ልጅ ነው የጻፈው። እሱም ባረጀ ወረቀት እንደተቃጠለ ገልጾ ፓኬቱን እንድትጥለው መከራት። ወረቀትና መድኃኒት አንድ ነው፣ ቀኑ ካለፈ አለፈ ባይ ነው።

ምላሽ 2

አዲስ አበባ የሚኖር ፎቶ አንሺ በትሕትና አረመው። ያረጀ ወረቀት ጠባዩ ሌላ ነው አለ። ነጩ ነጭ መሆን ያቅተዋል፤ ወረቀቱ በሙሉ ግራጫ ይለብሳል። ይህም ገና ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ውስጥ እያለ የሚታይ ነው። ፎቶው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ከቆየ በኋላ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ብቅ የሚል ቢጫ ግን ከወረቀቱ ዕድሜ ጋር አይገናኝም።

መሞከሪያም ሰጣት። ከፓኬቱ አንድ ወረቀት በጨለማ አውጥታ ለሁለት እንድትቆርጠው፣ አንዱን ቁራጭ በቀጥታ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ) ውስጥ እንድትከተው፣ ሌላውን መጀመሪያ በዴቨሎፐር እንድታሳልፈው ነገራት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን በቀን ብርሃን ማየት ነው። በዴቨሎፐር ያለፈው ከሌላው ከጠቆረ ወረቀቱ አርጅቷል። እኩል ነጭ ከሆኑ ወረቀቱ ደህና ነው፤ መጣልም የለበትም።

ይህን ምላሽ ወድጄዋለሁ። የእድፍ ምርመራ የሚጀምረው መቼ ታየ፣ የት ታየ ከሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው። ብዙዎቻችን ግን ቶሎ ብለን ወረቀቱን እንወነጅላለን፤ ወረቀት አፍ የለውም።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ሰው ምንም አልመለሰም፤ ጠየቀ። የትኛው ፊክሰር? በስንት ውሃ ተበጥብጦ? ስንት ፎቶ አለፈበት? እንዴት ታጠበ?

አራተኛው የልጅቷ መልስ ነው። ፈጣን የሚባለው ፊክሰር ነው፤ አንዱ እጅ በአራት እጅ ውሃ። የበጠበጠችው አንድ ሊትር ነው። በዚያ አንድ ሊትር ከ50 በላይ ባለ 8 በ10 ኢንች ፎቶ አሳልፋበታለች፣ ፊክሰሩ ውድ ስለሆነና ማግኘትም ስለሚያስቸግር። አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ትከታለች። ለስቶፕ ባዝ (ዴቨሎፐሩን ለሚያስቆመው ፈሳሽ) የወጥ ቤት አቼቶ በውሃ አቅጥና ተጠቅማለች። ሰፈሯ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶ ውስጥ ከተጠራቀመው እየቀዳች፣ ሁሉንም አንድ ሳፋ ውስጥ ከታ፣ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀይራ አወጣቻቸው። ሮቶው ባዶ የሆነ ቀን ደግሞ ከጎረቤት የጉድጓድ ውሃ በጀሪካን አስመጥታለች። ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለቱ ፎቶዎች የዚያን ቀን የታጠቡት ናቸው።

ምላሽ 5

አዛውንት ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ዲጂታል እስኪመጣ ድረስ ሠርተዋል። ልጄ እያሉ ነው የጻፉላት። ከሁላችንም ቀድመው ያዩት የቢጫውን ቅርጽ ነው።

እንዳሉት ምስሉን አጉልቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ቢጫው እንደ ፈሰሰ ነገር አልተዘረጋም። አንዱ ጎኑ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። መስመሩ ከታንኳ ሠሪው ትከሻ ላይ ይነሳና ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ወደ ፎቶው ጠርዝ ይወርዳል። ያ የሌላ ፎቶ ጥግ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ፊክሰሩ ውስጥ ተደራርበው፣ ተጣብቀው ቆይተዋል። ከላይ ያለው በሸፈነው ቦታ ላይ ፊክሰሩ አልደረሰም። ያልተሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ የተሸፈነው ቢጫ ሆነ።

ከዚያ የጥንቱን አወጉ። የተማሪ ምዝገባ ሲደርስ ጉርድ ፎቶ በመቶዎች ይታተም ነበር። ፊክሰሩ ሳህን ላይ አንድ ልጅ ይመደባል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ከታች ያለውን ወረቀት እየሳበ ወደ ላይ ማምጣት፣ ያለማቋረጥ። ያ ልጅ ዴቨሎፐሩን በጣቱ እንዳይነካ ይከለከላል። ፊክሰር በነካ ጣት ገና ዴቨሎፐር ያልገባ ወረቀት ከተነካ ነጭ የጣት አሻራ ይቀራል፣ ዴቨሎፐር በነካ ጣት ከሆነ ደግሞ ጥቁር። በዚያን ጊዜ ፊክሰሩ ሃይፖ ነበር፣ እንደ ስኳር ድንጋይ የሚመስለው ነጭ ክሪስታል። ሲበጠብጡት ዕቃው እጅ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ነበር የሚያሟሙት። ፎቶው ውስጡ አሥር ደቂቃ ይቆያል።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰው ገብቶ ፊልም ከሞተ ቆይቷል፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ፕሪንተር ግዙ አለ። ይህን ለማለት መብት አለው። ያስቆጣን አዛውንቱን አንተ እያለ መጻፉ ነው። ሰባተኛው ላይ አንዲት ሴት አስታገሠችው። በአባትህ ዕድሜ ላሉ ሰው አንተ አይባልም፣ ሙያቸውን ባትፈልገው እንኳ ዕድሜያቸውን አክብር የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሰውየው አልተመለሰም። ጠያቂዋ በዚያው ጋሼ ብላ አዛውንቱን አመሰገነች።

ምላሽ 8

የክሩ አከርካሪ ይህ ነው። የጻፈችው የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ እዚያው ባሕር ዳር ታስተምራለች።

ቢጫው ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል አለች፤ ሁለቱ ደግሞ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ያልወጣ ብር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ብርሃን ያልነካው የብር ጨው በፊክሰር ሟሙቶ መውጣት አለበት። ፊክሰሩ አዲስና ጠንካራ ሲሆን የብር ጨው በቀላሉ በውሃ የሚታጠብ ውህድ ይሆናል። ፊክሰሩ በብር ሲጠግብ ግን የሚፈጠረው ውህድ ወረቀቱን ይዞ የሚቀር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢያጥቡት ንቅንቅ አይልም። እያደር ይፈርስና የብር ሰልፋይድ ይሆናል። ቢጫውና ቡኒው እሱ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ያልታጠበ ሃይፖ ነው። ፊክሰሩ ሥራውን ጨርሶ ራሱ ወረቀቱ ውስጥ ከቀረ፣ ውስጡ ያለው ድኝ ቀስ እያለ የምስሉን ብር ይበላል። በዚህኛው መጀመሪያ የሚደበዝዘውና ቢጫ የሚሆነው ሥዕሉ ራሱ ነው፣ በተለይ ሳሳ ያለው ግራጫ። በአንደኛው ግን ነጩ ቦታ ይበላሻል። የልጅቷ ፎቶ የተበላሸው ነጩ ላይ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዋ ወደ ፊክሰሩ አጋደለ።

ጉዳዩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም ብላ ታሪኩንም ጨመረች። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል ሃይፖ የብር ጨውን እንደሚያሟሟ ያወቀው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለፎቶ ማጽኛ የዋለው ግን በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙም ሳይቆይ ፎቶዎች መደብዘዝ ጀመሩ። በ1855 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የፎቶግራፍ ማኅበር ኮሚቴ አቋቁሞ ምክንያቱን አስጠና። ኮሚቴው ከዋናዎቹ ምክንያቶች ያስቀመጠው በደንብ ያልታጠበ ሃይፖን ነው። አየር ውስጥ ያለ ድኝም ተጠቅሷል።

ከዚያ ቁጥሩ ላይ መጣች። የፎቶ ዕቃ አምራቹ ኢልፎርድ ለፈጣን ፊክሰሩ አንድ ሊትር የሚሰጠው አቅም 40 ባለ 8 በ10 የፋይበር ፎቶ ነው። ፎቶው ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ ደግሞ በአንድ ሳህን ብቻ ለሚሠራ ሰው ወደ 10 ይወርዳል። ልጅቷ ከ50 አልፋለች። መፍትሔው ፊክሰሩን በሁለት ሳህን ማድረግ ነው። ፎቶው ግማሹን ጊዜ በመጀመሪያው፣ ግማሹን በሁለተኛው ይቆያል። መጀመሪያው ሲደክም ይነሳና ሁለተኛው ወደ እሱ ቦታ ይዛወራል፣ ለሁለተኛው አዲስ ይበጠበጣል። ከሁሉም በላይ ፊክሰር ይቆጥባል። ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሲደክም እንዴት ይታወቃል? ለዚህም ቀላል መንገድ አላት። ገና ዴቨሎፐር ያልገባ የፊልም ቁራጭ አዲሱ ፊክሰር ውስጥ ከቶ እስኪጠራ ድረስ ያለውን ጊዜ መያዝ ነው። በሌላ ቀን የጊዜው እጥፍ ከፈጀ ፊክሰሩ አልቆለታል።

ምላሽ 9

አጭርና ጠቃሚ። ሴሌኒየም ቶነር (የፎቶን ቀለም መለወጫ ፈሳሽ) ያለው ሰው ሌላ መመርመሪያ አያስፈልገውም ይላል። አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥኖ፣ እርጥቡ ፎቶ ነጭ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት መምጠጥ። ፈዛዛ ክሬም ብቻ ከቀረ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቡኒ ከሆነ ብሩ አልወጣም። መምህርቷ ወዲያው ከሥሩ አንድ ነገር አከለች። ቶነሩ መርዛማ ስለሆነ ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት።

ምላሽ 10 እና 11

እስካሁን ነጠብጣቡን ማንም አልነካውም ነበር። አሥረኛው የራሱ ግቢ ጉድጓድ ያለው ሰው ነው። የጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆኖ ውስጡ ብረት ሊይዝ ይችላል። ነጭ ባልዲ ሞልቶ ሳይከድኑ ማሳደር ነው። ብረት ካለው አየር ሲያገኝ ይቀላና ጠዋት ባልዲው ግርጌ ላይ ዝገት የሚመስል ደለል ይተኛል። ያ ደለል ፎቶው ላይ ሲያርፍ ነው ነጠብጣብ የሚሆነው። ውሃውን አሳድሮ፣ ግርጌውን ሳይበጠብጡ ከላይ ቀድቶ፣ ወፈር ባለ ጥጥ ጨርቅ አጥልሎ መጠቀም ይበቃል። ነጠብጣቡ የታየው የጉድጓድ ውሃ በመጣበት ቀን መሆኑን ራሷ መናገሯን አስታወሳት። አራተኛውን ምላሽ በጥንቃቄ ያነበበው እሱ ብቻ ነበር።

አሥራ አንደኛው ስለ ሳህን ነው። ቀለሙ የተላጠ የቆርቆሮ ሳህን ተውት ይላል። የተላጠው ቦታ ብረት ነው፤ እዚያ የተጋደመ ወረቀት ጀርባው ይዝጋል። ፎቶ ለማንጣት ፌሪሲያናይድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከብረት ጋር ሲገናኝበት ደማቅ ሰማያዊ እድፍ ያያል። ሰማያዊ ካያችሁ ሳህኑን ፈትሹ ነው የሚለው።

ምላሽ 12 እስከ 15

እዚህ ላይ ወሬው ሸሸ። አንዱ ውሃ ከቸገራት ፎቶዎቹን ለምን ወስዳ ጣና ውስጥ አታጥባቸውም አለ። ከምሩ ነው። ሌላው በክረምት ወንዞቹ ይዘውት የሚገቡት ጭቃ ነጭ ወረቀት ላይ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ሦስተኛው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ አነሳ፤ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ዘመቻ ወጥቶ እምቦጭ የነቀለው ማን ነው ያልነቀለው ማን ነው የሚል ንትርክ። ነገሩ ከረረ። የጎንደር ዳርቻና የባሕር ዳር ዳርቻ ነዋሪ ነን በሚሉ ሁለት ሰዎች መካከል የተደረገውን አልደግመውም። እምቦጭ ለብቻው ክር የሚገባው ጉዳይ ነው። የልጅቷ ጥያቄ ግን ለአንድ ቀን ሙሉ ተረስቶ ዋለ።

ምላሽ 16

የመለሰን አዲስ አበባ ያለው ፎቶ አንሺ ነው። በጣና ማጠብ የሚለውን ሳይንቅ ወሰደው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ላይ ንጹሕ ውሃ ሲያጥር በባሕር ውሃ ያጠቡ ነበር። በባሕር ውሃ የታጠበ ፎቶ ሃይፖውን ቶሎ ነው የሚለቀው፤ ጨው ያግዛል። መጨረሻ ላይ ግን ጨው ራሱ እንዳይቀር በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ ግድ ነው። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ስለሆነ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ የሚሰጠው ደለል ብቻ ነው።

ምላሽ 17

ይህ የእኔ ነው። ከባሕር ውሃው ነገር ተነስቼ ነው የጻፍኩት። ጨው ካገዘ፣ ጨው ቤታችን ማምጣት እንችላለን። ሶዲየም ሰልፋይት የሚባለው የኬሚካል ጨው 20 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ፎቶው ከፊክሰር ወጥቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይታጠባል፣ ሰልፋይቱ ውስጥ አሥር ደቂቃ እየተነቃነቀ ይቆያል፣ ከዚያ እንደገና አምስት ደቂቃ ይታጠባል። ያለ ሰልፋይት የፋይበር ወረቀት በሚፈስ ውሃ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አንድ ሰዓት ቧንቧ ከፍቶ መቀመጥ አይታሰብም፤ ቢታሰብም ነውር ነው። ፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት በአንጻሩ ውሃ ስለማይጠጣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሰው መጀመሪያ በእሱ ቢለማመድ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጨምሬያለሁ። ሳፋው ውስጥ ሁሉንም ቆልሎ ማጠብ አይሆንም። ሃይፖ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ጥቂት ጥቂቱን ለያይቶ፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ እንደገና መሙላት በትንሽ ውሃ ብዙ ያጥባል። በመሐል ከፊክሰር አዲስ ፎቶ እያወጡ እዚያው ውስጥ መክተት ደግሞ የታጠበውን መልሶ ማቆሸሽ ነው።

ምላሽ 18 እስከ 21

አንድ ሰው እድፉን በበረኪና ማስለቀቅ ይቻላል አለ። ነጠላዬ ላይ ሠርቷል ነው ምክንያቱ። ለጥጥ የሆነ ለወረቀትም ይሆናል አለ፤ አቼቶ ጨመር ቢደረግበት ደግሞ ኃይሉ ይጨምራል ሲል አከለ።

መምህርቷ እስከዚያ ድረስ ረጋ ብላ ነበር የምትጽፈው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን አልማረችውም። ልክ ነበረች። በረኪና ምስሉን የሠራውን ብርና ብሩን ወረቀቱ ላይ የያዘውን ጄላቲን አብሮ ይበላል፤ እድፉ ሲለቅ ፎቶውም ይለቃል። ይባስ ብሎ በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒየም ካለበት ፈጣን ፊክሰር ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ። መስኮቱ በተደፈነ ጠባብ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይህን የሚሞክር ሰው ሳንባውን ያጣል። ያልሞከሩትን ነገር ለሰው ልጅ መምከር ወንጀል ነው እስከማለት ደረሰች።

ሰውየው በሃያኛው ተቆጣ፣ ማስተማር እንጂ መሳደብ የመምህር ወግ አይደለም አለ። በሃያ አንደኛው አዛውንቱ ገቡ። ለእሱም ለእሷም በእኩል አክብሮት ጻፉ። በፎቶ ቤታቸው በረኪና ከደጁ እንዲያልፍ አይፈቀድም ነበር፣ ወለል የሚታጠበው እንኳ በተራ ሳሙና ነበር። ሰውየው ምክሩን ራሱ አጠፋው። ጨለማ ክፍል ያለው ሁሉ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ይያዝ።

ምላሽ 22 እስከ 24

ሃያ ሁለተኛው ጥያቄ ነበር። ጠያቂው የአያቱን ፎቶ አያይዟል። አያቱ ሶቪየቶች ያሠሩት የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ከገቡት ተማሪዎች አንዱ ናቸው፤ ፎቶው ዩኒፎርም ለብሰው የተነሱት ነው። ጥቁሩ ቦታ ላይ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ብርማ ነገር ይታያል። ታችኛው ጥግ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። እንደ ልጅቷ ፎቶ ፊክሰር ልድገምለት ወይ አለ።

ሁለት ሰዎች ተቀባብለው መለሱለት። ብርማው ሌላ ነገር ነው። እርጥበትና የተበከለ አየር ብሩን ያሟሟዋል፣ ብሩ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ብር ይሆናል። ጥቁሩ ላይ የሚብሰው እዚያ ብዙ ብር ስላለ ነው። የቆየ ፎቶ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሐይቅ ዳር እርጥበቱ ስለሚበዛ ሻጋታም ጄላቲኑን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የተበላ ጄላቲን ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ይሄዳል። መስታወቱን ከፎቶው ለማላቀቅ መጎተትም አይገባም። መጀመሪያ እንዳለ፣ በመስታወቱ ላይ፣ ከጎን ብርሃን ተሰጥቶት በጥሩ ካሜራ ይገልበጥ። ሌሎቹ የቤት ፎቶዎች ደግሞ በመስታወቱና በፎቶው መካከል ክፍተት እንዲኖር ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይደረግላቸው። ግድግዳው በዘይት ቀለም ከተቀባ ቀለሙ ሳምንታት ከርሞ ሽታው እስኪጠፋ ፎቶ አይሰቀልበት፤ የሚወጣው ትነት ብሩን ያጠቃል።

እንዲህ ያለ ፎቶ ስንት ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለ አስቡት። ቤታችሁ ሂዱና ዛሬውኑ ገልብጧቸው።

ምላሽ 25

ስለ ሙቀት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር አየር 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ዴቨሎፐር የሚፈልገው 20 ነው። ሲሞቅ ቶሎ ይጠቁራል፣ የጠቆረ ዴቨሎፐር ራሱ ወረቀቱን ቡኒ ያቀልመዋል፤ ይህኛው እድፍ ግን ወዲያው ነው የሚታየው። የሸክላ እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ጥላ ሥር ካለ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ መበጥበጫው እሱ ይሁን፣ ሥራውም ሌሊት ወይም ማለዳ። በረዶ ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግም።

ምላሽ 26

ጠያቂዋ ከብዙ ቀን ዝምታ በኋላ ተመለሰች። የወረቀቱን ሙከራ ሠርታለች፤ ሁለቱም ቁራጮች እኩል ነጭ ናቸው። ፓኬቱ ተረፈ። ሴሌኒየም ከመምህርቷ ተውሳ ጠብታውን ሞከረች። ንጹሕ የሚመስሉት ፎቶዎች እንኳ አብዛኞቹ ቢጫ አሳዩ። ቀድመው የታተሙት ግን ክሬም ብቻ። ፊክሰሩ በየትኛው ፎቶ አካባቢ እንደደከመ ከዚህ ማወቅ ቻለች፣ ከጀርባቸው ላይ ቁጥር ጽፋባቸው ስለነበር።

ገና ያልቀለሙትን በአዲስ ፊክሰር፣ በሁለት ሳህን፣ አንድ በአንድ ደግማ በሰልፋይት አጠበቻቸው። ድጋሚ ጠብታ ስታደርግባቸው ንጹሕ ሆኑ። ቢጫ የሆኑትን ግን ፊክሰር አልመለሳቸውም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እነሱን እንደገና ታትማለች። ከእነሱ መካከል ትከሻው ላይ የቢጫ ጥግ የወጣበት ታንኳ ሠሪ አለ፤ ፎቶውን ልትሰጠው ቃል ገብታለታለች። የጎረቤቱ ጉድጓድ ውሃ ነጭ ባልዲ ውስጥ አድሮ ቀልቶ ተገኘ። አንድ ፎቶ ላይ ያለ ሐምራዊ ነጠብጣብ ግን ከየትኛውም መልስ ጋር አልገጠመም። እስካሁን የመለሰላት የለም። የምታውቁ ግቡና ጻፉላት።

ምላሽ 27 እና 28

የደከመውን ፊክሰር የት ልድፋው ብላ ጠየቀች። ከሁሉም ጥያቄዎቿ ይህን ወደድኩት። ውስጡ ያለው ብር ነው፤ ለውሃ ውስጥ ፍጥረታት መርዝ ነው። የባሕር ዳር ቦይ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው።

መምህርቷ መንገዱን ነገረቻት። የደከመው ፊክሰር በአሮጌ ጀሪካን ይጠራቀማል። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ውስጡ ይከተታል፤ የማይዝገው ዓይነት አይሆንም፣ የሚዝገው ተራ ብረት ነው የሚፈለገው። ብረቱ እየሟሟ ብሩ በቦታው ይቀመጣል፣ ቀናት ሲያልፉ ግርጌው ላይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ብር ስላለበት ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ጀሪካኑ ላይ በጉልህ ይጻፍበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ከተማው ውስጥ ጨለማ ክፍል ያላችሁ ሁሉ ጀሪካናችሁን አምጡልኝ፣ ተማሪዎቼን በእሱ አስተምርበታለሁ ብላለች። እስካሁን ሦስት ሰዎች እናመጣለን ብለው ጽፈዋል፤ አንዱ የበረኪናው ሰውዬ ነው።